ዘጊዋ

በሰፈሩ «ዘጊዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በተዘጋ ሰሞን ጎረቤቶቿ ናቸው። የምትሠራው መንግሥትን በኢኮኖሚ ጉዳይ በሚያማክር ነፃ ተቋም ውስጥ ነው። ነፃ የተባለው የማንንም ፊት ሳያይ ያጠናውን እንዲናገር ነው፤ እሷም ይህንኑ አምና ነበር የገባችው።

መንግሥት ፋብሪካውን ልዝጋው ወይስ ላቆየው ብሎ ሲጠይቅ ጥናቱ እሷ እጅ ላይ ወደቀ። ባሏ እዚያው መካኒክ ነበርና ወዲያው የተቋሟ ዳይሬክተር ቢሮ ገባች።

«ባሌ የሚሠራበት ቤት ነው፤ ሌላ ሰው ያጥናው» አለችው።

«አንቺን አምናለሁ፤ ሥሪው» አላት። ምላሱ ማር ነው።

ፋብሪካውን ዞራ አየች፤ ሠራተኛውን፣ አቅራቢውን፣ ነጋዴውን አነጋገረች። ማሽኖቹ ቢታደሱ ፋብሪካው ራሱን ይችላል፤ ቢዘጋ ግን መንግሥት የሚያጣው ከሚያተርፈው ይበልጣል ብላ ጻፈች። የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ግን መዘጋቱን ይፈልጉ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሹመት። ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ መጨረሻው ላይ «ባለሙያዎቻችን መዘጋቱን ይደግፋሉ» ይላል፤ ሥሩ የእሷ ስም አለ።

የታተመውን ይዛ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች። «አንድ አረፍተ ነገር ነው የነካሁት፤ ምን ያንጨረጭርሻል?» አለና ስልኩን አነሳ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ለቤቱ የቀረው የእሷ ደመወዝ ብቻ ነበርና ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። በፋብሪካው ክር ፈታይ የነበረችው ጎረቤቷ በር ላይ ጠብቃ፣ «ባልሽን እንኳ አልማርሽውም?» አለቻትና ሰላምታዋን ነሳቻት። ባሏ አንድም ቀን አልወቀሳትም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ካውያ ይጠግናል። ከጎረቤቶቿ ስድብ ይልቅ አንጀቷን ያሳረረው የእሱ ዝምታ ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠራት አልሄደችም። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን እጄ ላይ ይወድቃል እያለች ቂሟን በሆዷ ይዛ ዓመታት ቆየች።

ወደቀም። ዳይሬክተሩ ለብሔራዊ ባንክ ገዥነት ታጨ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በይፋ ሊጠይቀው፣ ስለ ቀድሞ ጥናቶቹም ባለሙያዎቹን ሊሰማ ቀጠሮ ያዘ። በዋዜማው ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ክፍል መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ያለፈው አለፈ። ነገ አጠር አድርገሽ መልሺ። እኔ ስሄድ ወንበሬ ያንቺ ነው።»

«የተጠየቅኩትን ብቻ እመልሳለሁ» አለችው። ደስ ብሎት ወጣ።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የቴሌቪዥን ካሜራዎችም ተደርድረዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «ፋብሪካው ይዘጋ ያላችሁት እናንተ ናችሁ?» ብለው ጠየቋት።

«አይደለንም። እኔ አይዘጋ ብዬ ነው የጻፍኩት። መደምደሚያውን የቀየሩት እሳቸው ናቸው።»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳ። «ባሏ እዚያ ይሠራ ነበር። ለባሏ አድልታ ስለጻፈች ነው ያረምኩት።»

በአዳራሹ ጉምጉምታ ሆነ። እሷ ግን የጠበቀችው ይህንኑ ነበር።

«ባሌ እዚያ እንደሚሠራ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ፤ ሥሪው ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች ድምጿን ሳታነሳ። «አድልቼ ከሆነስ ስሌቱን ለምን አልቀየሩትም? እኔ እንደሠራሁት ነው ያሳተሙት። ስሌቱ ፋብሪካው ቢዘጋ ኪሳራ ነው ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ቃል ይዘጋ ይላል። ከዚህ እዚያ እንዴት እንደደረሱ ያስረዱን።»

ሰብሳቢዋ የታተመውን ጥናት አቀበሉት። ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። «ጊዜው ስለራቀ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ሳይጨርስ አንገቱን ደፋ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም። ያን ያህል ዓመት ባሏ ደጃፍ ላይ አንገቱን ሲደፋ አይታለች፤ ይኼኛውን እስኪበቃት አየችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሹመቱ ቀረ፤ ከዳይሬክተርነቱም ተነሳ። ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሷም አልጠየቀችም። ፋብሪካው አልተከፈተም፤ ማሽኖቹ ቀደም ብለው በቁራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠዋል። ክር ፈታይዋ ጎረቤቷ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። አስገባቻት፣ አስቀመጠቻት፤ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለቻትም።

በኋላ የቀድሞው ዳይሬክተር ታመመ ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊጠይቁት ሲሄዱ እሷ ቀረች። ማታ ለባሏ ነገረችው።

«ሄደሽ ብታዪው ምን ነበረበት? ቂሙ አሁንም አልወጣልሽም?» አላት።

«አልወጣልኝም» አለችው፤ እራቱንም አቀረበች።