ቃጫ የጎረሰው ግራማፎን

በቡታጅራ ሳሌሃን የሚያህል እንሰት ፋቂ አልነበረም፤ እሷንም ሆነ ቃጫዋን የሚበጥስ ገና አልተፈጠረም። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት የጦር ሰፈሩ ሻለቃ ድምፅ ያለ ሽቦ የሚልከውን የነፋስ ስልክ ምሰሶ ሊተክል የጓሮዋ እንሰት ይቆረጥ ብሎ ችካል አስመታ።

ሳሌሃ ለጦሩ እንድታቀርብ የታዘዘችውን ቃጫ ተሸክማ፣ አቤት ልትልም ጭምር፣ ጦር ሰፈሩ ስትደርስ ሰዉ ይራወጣል። ሻለቃው የግራማፎን ዘፈን በነፋስ ስልክ ለአዲስ አበባ ጓደኞቹ ቢልክ «የሚሰማን የብረት ድስት ሲፋቅ ነው» ብለውታል። መርፌ ቢቀይሩ፣ ሽቦ ቢነቅሉ ያው ነው።

ሳሌሃ ግራማፎኑ ማይክሮፎኑ ላይ አፉን ከፍቶ ሲያንባርቅ አየች። «ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚጮህን ማን ይሰማዋል?» ብላ አንድ እፍኝ ቃጫ አፉ ውስጥ ወተፈችበት፤ አንድ ክንድ ያህልም ወደ ኋላ ጎተተችው።

ወዲያው ከአዲስ አበባ «አሁን ጥርት አለ!» የሚል መልስ መጣ።

ሻለቃው ፈንድቆ፣ «ይህን ነገር ሁልጊዜ ታምጣልን» አለ።

«ልትቆርጠው ካልከው እንሰት የወጣ ነው በለው» አለችው አስተርጓሚውን ባዩን። «ከቆረጥክ ቃጫም የለም!»

ባዩ ላብ በላብ ሆኖ ተረጎመ። ሻለቃው ግራማፎኑን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ «ምሰሶው ማዶ ይተከል» አለ።

ችካሉንስ ሳሌሃ ራሷ ነቀለችው። ደጇ ላይ ተክላ ፍየሏን አሰረችበት።