ከእርቁ ወረቀት ያስቀረሁት ቃል

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ቤቴ ሲመጣ ካየሁ ገና ሳይናገር አልችልም እላለሁ። ማመልከቻም ይሁን የሠርግ ጥሪ ለማንም አልጽፍም። ጎረቤቶቼ «መምህሩ ኮራብን» ይላሉ አሉ። ኩራት አይደለም። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጊምቢቹ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ሀዲይኛ ኳስ ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር ስሯሯጥ ነው የለመድኩት። በእኛ ከተማ ሰው የሚጣላውም የሚታረቀውም በሀዲይኛ ነው፤ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ያስፈለገው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። «እሱ የጻፈውን ዳኛ እንኳ አንብቦ አይጠግብም» ሲሉኝ፣ ያልሰማሁ መስዬ አስደግማቸዋለሁ።

እማማ ታደለች ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ መሰለች፣ ታሪኩ እና የመጨረሻዋ አበራሽ። መሰለች ተማሪዬ ነበረች። ትምህርቷን ስትጨርስ ገበያው ዳር ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፈተች። አንድ የከተማችን ሰው ሽማግሌ ላከባት፤ አልፈልግም አለች። ደግሞ ላከ፤ እንቢ አለች። አንድ ቀን ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ቆሞ ጠበቃትና አሲድ ደፋባት። አዲስ አበባ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆይታ ሞተች። ስለ ስቃይዋ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የሰውየውንም ስም አልጠራም።

ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሞት ሲያንሰው ነው ብሎ የተቆጣ ብዙ ሰው ነበር። እማማ ታደለች ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ይወጣል?» አሉኝ።

«አይወጣም እማማ። ዕድሜ ልክ ነው የተባለው» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ይበቃኛል። አበራሽ አለችኝ» አሉ።

እንዲህ ያሉት በከንቱ አይደለም። ሰውየው ፖሊስ ሲይዘው «ገና እህቷም አለች» ብሎ ጮኾ ነበር። ሱቋ አጠገብ አትክልት የምትሸጥ ሴት በጆሮዋ ሰምታው ለእማማ ነገረቻቸው። አበራሽ ደግሞ መልኳም አካሄዷም ቁርጥ እህቷን ነው። እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሷትም የሚመልሷትም ራሳቸው ነበሩ። ፍርዱን ከሰሙ በኋላ ነው ብቻዋን የለቀቋት።

ፍርዱ እሳቸውን ቢያሳርፍም ልጃቸውን ታሪኩን አላበረደውም። የሰውየውን ወንድም መንገድ ላይ ጠብቆ በዱላ ሊመታ ሲል ሰው በግድ ገላገለው። የዚያኛው ቤት ልጆችም መዛት ጀመሩ። በእኛ አገር ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ገበያ አይወጡም፤ አንድ ለቅሶ ላይ አይቀመጡም። ሽማግሌ ካልገባበት ሌላ ሬሳ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ገቡ። አቶ ላታሞ የሚባሉ፣ ቃላቸው የሚከበር አዛውንት ነበሩ የሚመሯቸው። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በአራተኛው ሁለቱን ቤተሰቦች ፊት ለፊት አስቀመጡ። እኔም እንደተለመደው ለመጻፍ ተጠራሁ።

እማማ ታደለች ተነስተው በሀዲይኛ ተናገሩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አንዷን ቀብሬያለሁ፤ ለታሪኩ ደግሞ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስለት አልፈልግም። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ታርቄያለሁ። እናቱም እንደ እኔ እናት ናት። ከእሱ ጋር ግን አልታረቅሁም። እሱ የመንግሥት ነው፤ እዚያው ይቆይ» አሉ። አቶ ላታሞም «ልክ ነው፤ የእሱ ነገር የፍርድ ቤት ነው። እኛ ደም እንዳይቀጥል ነው የመጣነው» አሉ። የሰውየው እናት አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሱ ነበር። የተቃወመ አልነበረም።

እኔ ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ ነበር። የእርቅ ወረቀት ሁልጊዜ «የሟች ወገኖች በአንድ በኩል፣ ገዳይና ወገኖቹ በሌላ በኩል» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔም እንደለመድኩት ጀመርኩ። ከዚያ «ቂምና በቀልን ከልባችን ፍቀን፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቅር ተባብለናል» ብዬ ቀጠልኩ። «ያለ አንዳች ቅሬታ» የምትለዋን በጣም ወደድኳት። ከሷ ቀጥሎ «ከእሱ ጋር ግን አልታረቅሁም» ብሎ መጻፍ ጽሑፌን ያበላሸብኝ መሰለኝ። ሁሉም ሰምቶታል፣ መጻፉ ምን ይጨምራል አልኩና ተውኩት።

ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩ። «አሜን» ተባለ። እማማ ታደለች ማንበብ አይችሉም፤ የወረቀት አማርኛም ብዙ አይገባቸውም። «አንተ ከጻፍከው እኔ ምን እላለሁ» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ወጉ እንደሆነው በሦስት ቅጂ አዘጋጀሁት፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለገዳይ ቤተሰብ፣ አንዱ ለሽማግሌዎቹ። ታሪኩና የሰውየው ወንድም ተቃቀፉ። ያን ቀን ጥሩ ሥራ ሠርቼ እንደመጣሁ ሰው ራቴን በደንብ በላሁ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሰውየው ቅጣቱ ይቀነስልኝ ብሎ ይግባኝ አለ። እማማ «ቋንቋው እንዳያመልጠኝ አብረኸኝ ሂድ» አሉኝና ሆሳዕና ፍርድ ቤት ሄድን። ችሎቱ ሞልቶ ስለነበር መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሰውየው ጠበቃ ተነስቶ ደንበኛው ከዚህ በፊት ወንጀል እንደሌለበት ተናገረ። ቀጥሎም አንድ ወረቀት ለዳኞቹ አቀረበ።

ከመጨረሻ ወንበር ሆኜ አወቅሁት። የእጅ ጽሑፌ ነው። የመሀል ዳኛው ማንበብ ጀመሩ። «ገዳይና ወገኖቹ» ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። «ያለ አንዳች ቅሬታ» ሲሉ ደግሞ ወንበሩ ስር ብገባ በወደድኩ። ዐቃቤ ሕጓ ተቃወመች፤ ወንጀሉ እጅግ ጭካኔ የተሞላበት መሆኑን፣ የመንግሥት ክስ በሽማግሌ እርቅ እንደማይሸረፍ ተናገረች። መዝገቡ ለውሳኔ ተቀጠረ።

«ምንድነው ያነበቡት?» አሉኝ እማማ።

«ይግባኙን ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ።

መናኸሪያ ድረስ ወስጄ መኪና ላይ አሳፈርኳቸውና ጉዳይ አለኝ ብዬ ተመለስኩ። ዐቃቤ ሕጓን ቢሮዋ አገኘኋት። ፋይል ከብቧት፣ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እማማ ታደለች «ከእሱ ጋር አልታረቅሁም» ማለታቸውን፣ ያስቀረሁት እኔ መሆኔን፣ ሽማግሌዎቹም እንደሚመሰክሩ ነገርኳት።

«መምህር፣ ይሄን ክርክሩ ሳይዘጋ ብትነግረኝ ኖሮ ዳኞቹ ሴትየዋን ራሳቸውን እንዲጠይቁልኝ እለምን ነበር» አለች። «አሁን ክርክሩ ተዘግቷል። ወረቀቱ ላይ አሻራቸው አለ፣ ምስክሮች ፈርመዋል። ጸሐፊው ደግሞ አንተ ነህ። የቱን ልመን ቢሉህ ምን ትላለህ?»

ለማንኛውም ብላ ማመልከቻ እንዳስገባ ነገረችኝ። አቶ ላታሞም ምርኩዛቸውን ይዘው ሆሳዕና ድረስ መጥተው አብረውኝ ፈረሙ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ የጻፍኩት ጽሑፍ የለም፤ አንድም ያማረ ቃል አልነበረበትም። መዝገብ ቤት ሰጠሁት፤ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል አሉኝ። ዳኞቹ ይዩት አይዩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በቀጠሮው ቀን ውሳኔው ተነበበ። ረጅም ነበር። እማማ ታደለች የሰሙት ስማቸውን ብቻ ነው። «የሟች እናት ወይዘሮ ታደለች» ሲባል ቀና አሉ፤ የተጠሩ መስሏቸው ሊነሱ ሁሉ ነበር። የሟች ቤተሰብ ከይግባኝ ባይ ጋር መታረቁ በሰነድ ስለተረጋገጠ፣ ይህም ከሌላው ማቅለያ ጋር ተይዞ፣ የዕድሜ ልክ እስራቱ ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት ዝቅ ብሏል ተባለ። ዐቃቤ ሕጓ ወደኛ አላየችም፤ የሚቀጥለውን ፋይል ከፈተች።

ውጭ አጥሩ ስር ቆምን። «ስሜን ጠሩት። ምን አሉ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በሀዲይኛ ነገርኳቸው፤ በሌላ ቋንቋ ልደበቅበት አልፈለግሁም። ያን ቀን ያሉትን እንዳልጻፍኩትም ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላቸውን አጣፉ።

«የሰማኸኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ሰምቼዎት ነበር እማማ» አልኩ።

ጊምቢቹ ስንወርድ «ደክመህልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ጉዳዩ ወደ ሰበር ችሎት ይሄድ እንደሆነም ጠይቄላቸው ነበር፤ ዐቃቤ ሕጓ በዚህ ምክንያት ይለወጣል ብላ እንደማታስብ በግልጽ ነገረችኝ። ታሪኩን ለማረጋጋት እንደገና ሽማግሌ ተቀመጠ። አቶ ላታሞ ጉባኤው ላይ «ወረቀቱን አትንኩት፤ እሱ ከፈረሰ ደሙ ይመለሳል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ ወረቀት ለአንዱ ልጅ ሕይወት ነው፤ ለሌላዋ ግን ምን እንደሆነ አይታችኋል።

ትምህርት ሲዘጋ እማማ ታደለች አበራሽን ሌላ ከተማ፣ አዲሎ ወዳለችው አክስቷ ሊልኳት ወሰኑ። «የእሱ ዘመድ የሌለበት ነው፤ ካሁኑ ሰው ትልመድ፣ ቦታ ትልመድ» አሉ። አንዷን በሞት፣ አንዷን በመንገድ አጡ ማለት ነው። አበራሽ ልትሰናበተኝ መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና፣ «ቲቸር፣ ሲወጣ ስንት ዓመቴ ይሆናል?» አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ሌሊት ሌሊት ስደምርና ስቀንስ ነው የከረምኩት። የታሰረበት ሁለት ዓመት ይታሰብለታል፤ ጠባዩ መልካም ነው ከተባለ ደግሞ ከአሥራ ስምንቱ ሲሶው፣ ስድስቱ፣ በአመክሮ ይቀርለታል። ስለዚህ የሚቀረው አሥር ዓመት ነው።

«ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። በማግስቱ አዲሎ ገባች አሉ።

ሃያ ስድስት ዓመት ይሞላታል። መሰለች ስትሞት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።