የአፀደ ጉልበት

በኃይሉ መካኒሳ ውስጥ የጋራዥ ሠራተኛ ነበር። አመሻሹ ላይና ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ግቢው ውስጥ የሰፈሩን ወጣቶች ክብደት ማንሳት ያለማምዳል። ብረቱ የአሮጌ መኪና አክስል፣ ክብደቶቹ ሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች ናቸው። በ1988 ዓ.ም. እሱ ራሱ ለውድድር ሲዘጋጅ ሚስቱ አፀደ ታይፎይድ ያዛት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ጉልበቷ ግን አልመለስ አለ። ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ግድግዳ ትይዛለች።

በዚያ ሰሞን የልምምድ ጓደኛው ፈየራ፣ ጀርመን ያለው ወንድሙ ከላከለት ክኒን አንዱን ጠርሙስ አመጣለት።

"አሚኖ አሲድ ነው። ጡንቻ የሚሠራው ከዚህ ነው አሉ" አለው።

በኃይሉ ጠርሙሱን ለአፀደ ሰጣት። "የሚሠራ ከሆነ ላንቺ ይሥራ" አላት። ከሥራ ሲመለስ አሸዋ የሞሉ ትናንሽ ጣሳዎች ያስይዛታል፤ ከወንበር አሥር ጊዜ ያስነሳታል። እንቁላልና ምስርም አላጓደለባትም።

በአምስተኛው ሳምንት ምንም ሳትይዝ ግቢው መሀል ደረሰች።

"ክኒኑ ሠራ ማለት ነው" አለ በኃይሉ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አፀደ ወደ ቤት ተመልሳ ከትራሷ ሥር ጠርሙሱን አመጣች። አልተከፈተም።

"ለውድድርህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩልህ" አለችው።

"ታዲያ በምን ቆምሽ?"

"ስታስነሳኝ፣ ስታበላኝ ከረምክ እኮ። ሌላ ምን አደረግክልኝ?"

እንዳይከፋት ብሎ ውድድሩ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ክኒኑን ዋጠ። የውድድሩ ዕለት ያነሳው ልክ የዓምናውን ያህል ነው፤ አራተኛ ወጣ። ሁለት ወር ሙሉ የዋጠው ፈየራም ከዓምናው የጨመረው ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ነበር። በኃይሉ ግን ብዙም አልከፋውም። አፀደ በታክሲ መጥታ፣ ከሰዉ መሀል ቆማ ስታጨበጭብለት አይቷል።

ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታቸው ሐሚዳ መጣች። ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማታል።

"አንቺን ያዳነሽን ነገር ለእኔም አሳዪኝ" አለቻት አፀደን።

አፀደ በትንንሾቹ ጣሳዎች አስጀመረቻት። ሐሚዳ እህቷን አመጣች፤ እህቷ ጓደኛዋን። በዓመቱ ሰባት ሆኑ። ወንዶቹም ቅዳሜ ጠዋትን ለቀቁላቸው። በኃይሉ ያን ጊዜ የሐሚዳን ሕፃን አቅፎ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ከውስጥ የአፀደ ድምፅ ሲቆጥር ይሰማዋል።