አይቡ የደምሴ ነው

የበደለችኝ አክስቴ ዘነበች ናት፤ የበደለችኝም በተረት ነው። ሌላው ሰው በዱላ ይበደላል፣ በርስት ይበደላል፤ እኔ ግን ገና ክፉና ደግ ሳልለይ፣ ቸሃ ውስጥ፣ ጭስ በጠገበ ጎጆ፣ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ እየሰማሁ ነው የተበደልኩት።

እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ፣ የአባቴ እህት ናት። ልጇ ደምሴ እኩያዬ ነበር፤ በአንድ ቁርበት ተኝተን፣ በአንድ ኩራዝ ብርሃን አድገናል። ያኔ መንደራችን መብራት አልገባም፤ ሲመሽ የሚታየው ፍሙና የኩራዟ ነበልባል ብቻ ነበር፤ ጎጆውን ከሚከፍለው ግርዶሽ ወዲያ ላሞቹ ሲያመሰኩ ይሰማል፤ የጎጆው ምሰሶ በጭስ ብዛት ጠቁሮ እንደተቀባ ያብለጨልጫል። አክስቴ ወተቱን ንጣ ቅቤውን ካወጣች በኋላ የቀረውን አሬራ በማሰሮ አድርጋ ፍም ላይ ትጥዳለች። አይብ ችኩል እሳት አይወድም። ከፈላ ደርቆ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል፤ በደንብ ካልሞቀ ደግሞ ከአጓቱ አይለይም፤ ማማሰልም አይቻልም። እኛ ቤት ሰዓት ስላልነበረ አክስቴ ጊዜውን የምትለካው በተረት ነበር። ማሰሮውን ስትጥድ ትጀምራለች፣ ተረቱ ሲያልቅ ታወርዳለች። አሬራው ሲበዛ ተረቱ ይረዝማል፣ ሲያንስ ያጥራል። ተረቱን በጥያቄ ያቋረጠ ልጅ አይቡን እንዳበላሸ ተቆጥሮ ይቆነጠጣል፤ ስለዚህ ያኔ ማናችንም «ለምን?» ብለን አናውቅም። ዛሬ ሳስበው፣ የአክስቴ ብልሃት እዚያች ቁንጥጫ ላይ ነበር።

የምትወደው ተረት ስለ አንዲት ልጅ ነው። ልጅቱ ማሰሮ ጠብቂ ተብላ ብቻዋን ስትቀር ክዳኑን ገልጣ የወንድሞቿን አይብ በላች። ማንም አላያትም። አደገች፣ ታጨች፤ በሠርጓ ቀን ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሱ ከሆዷ ውስጥ ላም «እምቧ» አለች። አንዴ ቢሆን ሰው እንዳልሰማ ያልፈው ነበር፤ ላሟ ግን ደጋገመችው። ሙሽራውም ሚዜዎቹም በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ ልጅቱ እስክታረጅ ድረስ የአባቷን በረት ስትጠርግ ኖረች። አክስቴ የላሟን ድምፅ ስታወጣ ከግርዶሹ ወዲያ ያለችው እውነተኛዋ ላም አንዳንዴ ትመልስላት ነበርና ያኔ ፀጉሬ ይቆማል። ከዚያ ማሰሮው ይወርዳል፣ አይቡ ይጠለላል፣ በእንሰት ቅጠል ሆኖ ለደምሴና ለአባቱ ይቀርባል። ለእኔ አጓቱ በቅል ይሰጠኛል። «ጠጪ፣ ለሴት ልጅ ወገብ ነው» ትለኛለች።

ደምሴ ያኔ ክፉ ልጅ አልነበረም። አንድ ምሽት እናቱ ላሞቹን ልታይ ስትነሳ ከቅጠሉ ጠርዝ ቆንጥሮ ወደ አፌ አስጠጋ።

«ብዪ፣ አታይም።»

«ሆዴ ቢጮህስ?»

«ጥጃ ነው በያቸው።»

በላሁ። ለብ ያለ ነበር፤ ኮሰረት ኮሰረት ይላል፤ ጥርስ ሳይነካው ምላስ ላይ ፈረሰ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሁለት ነገር ይዤ አደግኩ፦ አይብ መውደድና ሆዴን ማዳመጥ።

ኋላ ወልቂጤ ተዳርኩ። በሠርጌ ቀን ላም አልጮኸችም፤ የጮኸው ባሌ ነው፣ እሱም ከሠርጉ በኋላ። ነፍሱን ይማርና እሱም ሞቶ ለቀቀኝ። ደምሴ አዲስ አበባ ለንግድ ሲሄድ ጥሎት ከሄደው የፊደል መጽሐፍ ራሴን በራሴ ማንበብ አስተማርኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ስለ ምግብ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እጄ ገባ። አጓት አይናቅም፣ ለሰውነት የሚበጅ ነገር አለው ይላል። አክስቴ ሳታውቀው እውነት ተናግራ ኖሯል። መጽሐፉ ከእሷ ጋር ይስማማ፤ ከእኔ ጋር ግን አላስታረቃትም። ለወገቤ የሚሆነውን ሰጠችኝ እንጂ ለልቤ የሚሆነውን አልሰጠችኝም።

ዘንድሮ ሆዴ እውነትም መጮህ ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ጢሙን ገና ያላበቀለ ልጅ ነው።

«እማማ፣ ሆድዎ ወተት ነክ ነገር መፍጨት አቅቶታል። የደም ቅባትም አለብዎት። አይብና ቅቤ ይተዉ።»

«እሺ፣ ከዚያ ምን ይቀረኛል?»

«ጎመን አለ።»

«እማማ» ማለቱ ከምርመራው በላይ አመመኝ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ገበያ ሄድኩ፤ እዚያም ሌላው ሐኪም ይጠብቀኛል፣ ዋጋው። ድሮ በቅጠል ተሸክመነው የምንገባው አይብ ዛሬ በሲኒ ይሰፈራል። የከብት መኖ ተወደደ ይላሉ፣ ሣሩ ተወደደ ይላሉ፤ ላሞቹም እንደኛ ሲርባቸው ዝም ማለት ለምደው ይሆናል። ቆሜ ሳይ ሻጯ ሰለቻት።

«እትዬ፣ ካልገዛሽ ዞር በይ፣ በዓይንሽ ጨረስሽው እኮ።»

«በዓይን የሚበላውንስ ስንት አልሽው?»

ሳቀችና አንድ ጭልፋ ጨመረችልኝ። ቤቴ ገብቼ በላሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ይዤ ተገላበጥኩ፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግሞ ሄድኩ። ሰው ይህን ሲያይ ሆዳም ይለኛል። አይብማ ራሴ ገዝቼ እበላለሁ፤ እስከ ዛሬ ያልበላሁት ከእሷ እጅ ነው። የቀረኝ ምኞት ይህ ብቻ ነበር፦ አክስቴ ሳትሞት፣ ሳልሰርቅ፣ ሳልደበቅ፣ በገዛ እጇ አንድ ጉርሻ አይብ እንድታጎርሰኝ።

አክስቴ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ጉልበቷ ሲከዳት፣ ላሞቹም ተሸጠው ሲያልቁ፣ ከመንደር ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ የማጥባት እኔ፣ የማለብሳት እኔ። ደምሴ ለመስቀል እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ይመጣ ነበር፤ ከጊዜ ወዲህ ግን ሥራ በዛብኝ ማለት አበዛ። እሷ በየዓመቱ በር በሩን ታያለች።

በዚህ መስቀል፣ በደንጌሳት ምሽት፣ ሴቶች ጎመን ክትፎ ሠርተው ቤተሰቡ አብሮ በሚበላበት ምሽት፣ ለነጠላ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አውጥቼ ደህና አድርጌ አይብ ገዛሁ። ጎመኑን በቅቤ አሸሁ፤ አይቡን ለብቻው በሸክላ ጣባ አድርጌ እፊቷ አቀረብኩ። ማዕዱን የምታከፋፍለው ታላቋ ሴት ስለሆነች ጭልፋውን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለዚያች ለአንዷ ጉርሻ ነበር። ሐኪሙንም ዋጋውንም ረስቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ልጅ እጇን እጇን አያለሁ።

ስልክ ጮኸ። ደምሴ ነው።

«እህቴ፣ ዘንድሮ አልተመቸኝም። እማዬን አጽናኝልኝ። መቼም አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

ጠንካራ ነሽ የሚባለው ምንም ሊሰጠው ያልታሰበ ሰው ነው። ለአክስቴ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብዬ አልመጣም ማለቱን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጎመኑን በጭልፋ አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ፣ ለራሷም ጥቂት ወሰደች። ከዚያ ጣባውን ወደ ጎኗ ሳበችና በቅጠል ሸፈነችው።

«ይሄ የደምሴ ነው።»

«አልመጣም ብሏል እኮ፣ እትዬ።»

«ቢመጣስ? ከመንገድ ርቦት ይመጣል። ልጁ ይብላ እንጂ።»

ልጁ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቦርጩ ከመኪናው ቀድሞ ነው የሚወርደው። አይቡም እንደተሸፈነ እስከ ነገ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ይደፋል፤ የምደፋውም እኔ ነኝ። ከእነዚያ የምድጃ ዳር ምሽቶች የቀረኝ ምን እንደሆነ ስጠየቅ ተረቶቹ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው፤ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። የቀረኝ ሌላው ሲበላ እያዩ በትዕግሥት መቀመጥ ነው። እሱንም እንደ ጨዋነት ቆጥሬ ዕድሜዬን ጨረስኩበት። አይብ አይረክስም፣ ሆዴም አይመለስም፣ አክስቴም አትለወጥም፤ ይህን አውቄ፣ የጎመኑን ሳህን አስቀመጥኩና ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

«እትዬ» አልኳት፣ «እኔም እኮ ልጅ ነበርኩ።»