ጀሪካኑን የገደለው ጭልፊት

ጎሚስታው ቁጭ ብሎ የታየው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። አንደኛው በሠርጉ ዕለት ነው፤ እሱም ሚዜዎቹ ኮቱን ከግራና ከቀኝ ጨምድደው ይዘውት። ሁለተኛው ላይ እንደርሳለን። ከዚያ በተረፈ ሰውየው ቆሞ ይበላል፣ እየተንጎራደደ ያወራል፣ ጎማ ሲለጥፍ እንኳ አንድ እግሩ ደጅ ነው። ሚስቱ፣ «እንቅልፍ ወስዶትም አልጋው ላይ ይራመዳል» ትላለች። ብርድ ልብሱን በየጠዋቱ ከወለል የምታነሳው እሷ ናትና ቃሏን የሚጠራጠር የለም።

እነዚያን እግሮች አደብ የሚያስገዛቸው አንድ ነገር ነበር፤ አደን። ወቅቱ ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስቱ ወንድምና ከልኳንዳ ቤቱ ባለቤት ጋር ከከተማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ይወጣል። እዚያ በቆሎ የሚያወድሙ የዱር አሳማዎች አሉ፤ ገበሬዎቹም ፈቃድ የያዘ አዳኝ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። የሚስቱ ወንድም ጎተራው ይባላል፤ በበር ሲገባ ያየው ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ጎተራው ቁጥቋጦውን እየነቀነቀ አሳማውን ያስወጣል፣ ልኳንዳው ጎኑን ይጠብቃል፣ ጎሚስታው ዛፍ ተደግፎ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይተኩሳል። በወጣትነቱ ስቶ ስለማያውቅ «ጭልፊቱ» የሚል ስም ወጣለት። ስም ደግሞ እንደ ጎማ አይደለም፤ አለቀ ተብሎ አይቀየርም።

ጉዱ የመጣው ባለፈው ወቅት መዝጊያ ላይ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጭልፊቱ ከቁጥቋጦ ሥር ጥቁር ነገር አየ። ወፍራም ነው፣ አንገት የለውም፣ አድፍጧል። አነጣጠረ፣ ተኮሰ፣ መታ። ከልኳንዳው ጋር እየተሯሯጡ ሲደርሱ ጥቁር ጀሪካን በሁለት ጎኑ ውሃ እየተፋ ተጋድሟል፤ ጎተራው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ፣ «ውሃዬን! ኧረ ውሃዬን!» ይላል።

በማግስቱ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ፣ «ጭልፊቱ፣ ቆዳውን ምን አደረግከው?» ይላል። ልኳንዳው በሥጋ ሚዛኑ ላይ ተደግፎ፣ «ሥጋው ትንሽ ውሃ ውሃ ይላል እንጂ ጥሩ አውሬ ነበር» እያለ ያወራል። ማን እንደሰቀለው ባይታወቅም ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ጆሮና ጭራ የተሠራለት ትንሽ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ተገኘ። ጭልፊቱም አብሮ ሳቀ። ሲስቁብህ አብረህ ካልሳቅህ ሳቁ አያልቅም።

ያልሳቀች ሚስቱ ብቻ ነበረች። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ልጅ ጥፋቱን ራሱ እስኪያወጣው ድረስ ቀስ ብሎ መጠየቅ ሙያዋ ነው። እራት ላይ፣

«ጀሪካኑ ብቻውን ነው ኮረብታ የወጣው?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ፣ ጀሪካን እግር የለውም። ማን ተሸክሞት ሄደ?»

«ወንድምሽ ነዋ።»

«ስትተኩስ ወንድሜ የት ነበር?»

ሊጎርስ ያነሳውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። ጎተራው ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ሦስቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሳቁ ከላይ ተጭኖበት ማንም አንስቶት አያውቅም እንጂ።

እሑድ ጠዋት ክንዱን ይዛ ወደ መስኮት ወሰደችው። ጎተራው ከመንገዱ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ዳቦ ይገዛል። ለአደን የሚለብሰውን ቡናማ ካፖርቱን እሾህ ቀዶበት ነበርና የጠገነችው እህቱ ናት። ቤት ውስጥ ያገኘችው ጨርቅ ለሕፃናቱ በጫጩት ቅርጽ የቆረጠችው ቢጫ ቁራጭ ብቻ ስለነበር፣ ይኸው ያ ግዙፍ ሰውዬ ጀርባው ላይ ጫጩት ተሸክሞ ይዞራል።

«እስቲ እይልኝ ጭልፊቱ፣ ወንድሜ ጀርባ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

ጭልፊቱ ዓይኑን አጠበበ፣ አንገቱን አስረዘመ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አጋጨ። «ቅጠል ተለጥፎበታል።»

«ቅጠል?»

«የደረቀ ቅጠል። ንገሪው ያራግፈው።»

የጠመንጃውን ሳጥን ቁልፍ ከምስማሩ አወረደች፣ በክር አሰረችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው። «ወንድሜን ከአሳማ፣ ጫጩትን ከቅጠል እስክትለይ ድረስ ይህ ከአንገቴ አይወርድም።»

«አሁን ወንድምሽ ራሱ፣ በደንብ ላየው ሰው ከአሳማ...»

«ጨርሰው።»

ጭልፊቱ መጥረጊያውን አንስቶ ደጅ ሊጠርግ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ወራት ነጎዱ፤ ጭልፊቱም ነገሩን እንደረሳ ሆነ። አዲሱ ወቅት ሲቃረብ ግን አላስቀምጥ አላስቆም አለው። የጎማውን ብሎን ሳያጠብቅ ደንበኛ ይሸኛል፣ ሻይ አዝዞ ሳይጠጣው ይወጣል፣ ኮረብታውን ያያል። ኮረብታው እንደሆነ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። ከሁሉም ያስጨነቀው ታዲያ ዓይኑ ብቻ አልነበረም፤ ስሙ ነበር። ጭልፊት መነጽር አደረገ ቢባል ሰው ምን ይላል?

መጀመሪያ ተደብቆ ከገበያ፣ በገመድ ላይ ከተንጠለጠሉት መነጽሮች አንዱን ገዛ። ሲያደርገው የጋዜጣ ፊደል ጎልቶ መጣ፣ ኮረብታው ግን ጭራሽ ሄደ። ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የሚገባ፣ ከውጭ የማይታይ ሌንስ አለ ሲባል ሰማና ልቡ ተሰቀለ። ወደ ዓይን ሐኪሙ በረረ። መመርመሪያው ወንበር ላይ መቀመጫውን ግማሽ ብቻ አሳርፎ (ይህ እንደ መቀመጥ አይቆጠርም) የዓይን ግፊት መለኪያው ማሽን ዓይኑ ላይ አየር እፍ ሲልበት ከነወንበሩ ዘለለ።

ሐኪሙ እስኪረጋጋ ጠብቆ፣ «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አለው። «ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የጎማና የማጣበቂያ ነው ዶክተር፤ አይለቅም። አብሮኝ ነው የሚቀበረው።»

«ታዲያ በዚህ ጣት ነው ዓይን ውስጥ ሌንስ የሚያስገቡት? ጫካ ውስጥ አቧራ ገብቶ ሲቆረቁርዎትስ፣ እጅዎን በየትኛው ውሃ ይታጠባሉ?»

«ጀሪካን ነበረን» ሊል ዳድቶት ዋጠው። «በሌዘርስ? በአንድ ቀን ያልቃል አሉኝ።»

«ሥራው ያልቅ ይሆናል፤ ዓይኑ ግን የሚረጋጋበት ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰው ዓይኑ ይደርቅበታል፣ ሲመሻሽ ብርሃን ይበተንበታል። እርስዎ የሚተኩሱት መቼ ነው?»

«ጀንበር ስትጠልቅ።»

«እንግዲያው ዘንድሮን ይዝለሉት።»

ዘንድሮን ይዝለሉት! ምሳውን ዝለል ቢለው ይሻለው ነበር። ከክሊኒኩ ወጥቶ መንገዱን ሦስት ጊዜ ወጣ ወረደ፤ በመጨረሻ እንደ ሌባ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ መነጽር ቤት ገባ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ለምን እንደሚፈልገው ስትጠይቀው «ለሥራ» አላት፤ አደን የምትለውን ቃል ልኳንዳው የሚሰማው መሰለው። እሷም የሥራ መነጽር ሠራችለት፤ ከላይ ሩቁን፣ ከታች ቅርቡን የሚያሳይ።

ሲያደርገው የመንገዱን መጨረሻ ታፔላ አነበበ። ተመልሶ ጎማ ውስጥ የተሰካች ቀጭን ምስማር አገኘ። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ አንግቶ ለሙከራ ኮረብታ ወጣ። ቁልቁል ሲወርድ እግሩን ለማየት ወደ ታች ሲመለከት፣ በዚያ በታችኛው ለንባብ በተሠራው በኩል፣ መሬቱ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ቅርብ ነው ያለው ድንጋይ ሩቅ ሆነ፤ ጭልፊቱም ቦይ ውስጥ አረፈ። ተነስቶ ጉንጩን በመጥረጊያው ላይ አስተኝቶ ሲያነጣጥር ደግሞ ዓይኑ የገጠመው ሌንሱን ሳይሆን የፍሬሙን ጠርዝ ነው።

ከነጭቃው መነጽር ቤት ደረሰ።

«ውይ ጋሼ! ምን ሆኑ?»

«መሬቷ ተንቀሳቀሰችብኝ ልጄ።»

ተሸንፎ ሁሉንም ነገራት፤ ጀሪካኑን፣ ጎተራውን፣ ቁልፉን። ባለሙያዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ! አዳኝ እንደ ጸሐፊ ፊት ለፊት አያይም። በሉ፣ እንዴት እንደሚይዙት አሁን ያሳዩኝ።»

ጥግ ላይ የቆመውን ጃንጥላ አነሳ። ሱቁ መሃል ቆሞ፣ እግሩን ከፈት፣ ጉንጩን ዘንበል አድርጎ ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት አነጣጠረ። ፍሬም ይመርጡ የነበሩ አንዲት እናት ድንገት ቀና ብለው ሲያዩ፣ «ኧረ በሕግ!» ብለው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ባለሙያዋ ግን አልደነገጠችም። «እንዳይንቀሳቀሱ» ብላ ተጠጋችና ባደረገው መነጽር ሌንስ ላይ የዓይኑ ብሌን የዋለበትን፣ ከአፍንጫው በኩል ወደ ላይ ጥግ ያለውን ቦታ፣ በስክሪፕቶ ነጥብ አደረገችበት።

በዚያው ቅጽበት ልኳንዳው በመስታወቱ በኩል ብቅ አለ። ምስጢሩ አበቃለት።

«ጭልፊቱ! ዛሬ ደግሞ ሰዓቱን ልትገድለው ነው?»

ጭልፊቱ ጃንጥላውን ሳያወርድ ወደ እሱ ዞረ። «አንተ ዝም በል። ጢምህን በግራ በኩል ብቻ ተላጭተህ ወጥተሃል፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።»

ልኳንዳው ጉንጩን ዳሰሰና ወደ ቤቱ ሄደ።

አዲሱ መነጽር የደረሰው በወቅቱ መክፈቻ ዋዜማ ነው። ለሩቅ ብቻ ነው፤ ሌንሱ ሰፊ፣ ሲወድቅ የማይሰባበር፣ ፍሬሙ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ ከኋላ በላስቲክ የሚያዝ። አሳማ የሚያነብ የለምና የታችኛው የንባብ ክፍል ቀረ። ሚስቱ ወንድሟን መንገዱ ጫፍ ድረስ ላከችና ጀርባውን አስዞረችው።

«ምን ይታይሃል?»

«ጫጩት። ምንቃሩ ወደ ግራ ነው። ዓይኑን በጥቁር ክር ሰፍተሽለታል፤ ትንሽ አሸውረሽዋል።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እጁ ላይ ስታስቀምጥ ጣቶቹን በላዩ ላይ ጨበጠችበት። «ያልታየህን አትተኩስ» አለች።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ጭልፊቱ ዛፉን ተደግፎ ቆመ። ልኳንዳው በስተግራ ነው፤ ጎተራው በስተቀኝ፣ ከወንዙ በኩል ሊመጣ ተነጋግረዋል። ብርሃኑ መቅላት ሲጀምር ፊት ለፊቱ፣ ማንም ሊኖርበት በማይገባው ቁጥቋጦ ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ጥቁር ነገር። ወፍራም። በአራት እግሩ ይሄዳል፣ አፈር ይምሳል፣ እህ እህ ይላል።

ጠመንጃው ትከሻው ላይ ወጣ። ጉንጩ ተኛ። ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ። አምና ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አሁን ግን የሣሩ ጫፍ አንድ በአንድ ታየው፣ እሾሁ ታየው፤ ጥቁሩ ነገር ዞር ሲል ደግሞ ከጀርባው ላይ አንዲት ቢጫ ጫጩት በሸውራራ ዓይኗ አየችው።

አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ጥይቱን አወጣ። ከዚያ እርጥብ ሣር ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ስልኬ ወደቀብኝ!» ይላል ጎተራው ከቁጥቋጦው፣ በእጁ እየዳበሰ። «አንተ፣ ዓይን ካወጣህ መጥተህ ፈልግልኝ እንጂ!»

«በቀኝ አልነበር የምትመጣው?»

«በቀኝ እሾህ ነው። አቋረጥኩ ምን አለበት?» ቀና ሲል አየው። «ምነው ተቀመጥክ? አመመህ እንዴ?»

«ና» አለው ጭልፊቱ። «ና፣ እዚህ አጠገቤ ሁን።»

ሁለቱ ተቀምጠው ሳሉ አሳማዎቹ ከነግልገላቸው ከበታች አቋርጠው አለፉ። ልኳንዳው «ተኩስ! ኧረ ተኩስ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። የተኮሰ የለም።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን ይዘህ መጣህ?»

«ወንድምሽን» አላት።

የባሏን ፊት አየች፣ የወንድሟን ጭቃ ጉልበት አየች። የልብስ ስፌት ሣጥኗን አውርዳ የቀሩትን ቢጫ ቁራጮች በሙሉ ዘረገፈች። በማግስቱ የጎተራው ካፖርት ከደረት እስከ ክንድ፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ ጫጩት በጫጩት ሆኖ ወጣ። «እኔ ምንድን ነኝ፣ ዶሮ ቤት?» እያለ አጉረመረመ፤ ግን አላወለቀውም።

ልኳንዳው እንደሆነ እስከ ዛሬ በሚዛኑ ላይ ተደግፎ ያወራል፦ «ጭልፊት ጫጩት አይቶ ሲያልፍ ያየነው እኛ ብቻ ነን።»