አዲሱ ቨርዥንና የእትዬ ወርቄ መዝሙር

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ታክሲው ጦር ኃይሎች ሳይደርስ ስልኬ ላይ ኢሜይል ገባ። «ያስተካከልሽውን ተቀብለነዋል፤ በአዲሱ እትም ከነስምሽ ወጥቷል» ይላል። ጮህኩ! ረዳቱ ደንግጦ «ወራጅ አለ?» አለ። «የለም፣ ደስ ብሎኝ ነው!» ስለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አስኮ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ፕሮግራማችን የሚሠራው ላይብረሪ በሚባል ነገር ነው፤ የማናውቃቸው ሰዎች ጽፈው፣ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበትና እንዲያስተካክለው የለቀቁት ኮድ። አሮጌው ኮምፒውተር ተበላሸና አዲስ ተገዛ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ፓይተን ይባላል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ቨርዥኑ፣ ማለትም እትሙ፣ ነበር። እሁድ ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ብቻ።

ሌላው ሰው እየሰማ ይከተላል። እትዬ ወርቄ ግን ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ሆነው ስክሪኑን እያነበቡ፣ ከእኛ ትንሽ ቀድመው ወይም ዘግይተው፣ በሙሉ ድምፃቸው ይዘምራሉ። ያን እሁድ አጠገባቸው ያለችውን ሴት አፍ አፏን አዩና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። በሳምንቱ ጭራሽ አልመጡም።

የኳየራችን መሪ ብሩክ «ወረቀት ላይ አትመን እንስጣቸዋ» አለ።

«አንተ መሃል ላይ መዝሙር ስትቀይር ወረቀቱ ምን ይሆንላቸዋል?»

«እሺ ፕሮፌሰር፣ ጠግኚዋ እንግዲህ!»

ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መንገድ ላይ የገዛሁት የበቆሎ ጥብስ ኪቦርዱ አጠገብ ይቀዘቅዛል። ታክሲ ላይ ዕቃ የጠፋበት ሰው ምን ያደርጋል? ስሳፈር ይዤው ነበር፣ ቀጥሎስ፣ እያለ ፌርማታ በፌርማታ ያስታውሳል። እኔም የፓይተንን ቨርዥኖች ከአሮጌው ጀምሬ አንድ በአንድ እየጫንኩ ላይብረሪውን ሞከርኩበት። ይሠራል። ይሠራል። አሁንም ይሠራል። የመጨረሻው ላይ ወደቀ! ለካ ላይብረሪው የሚደገፍበት አንድ አሮጌ የፓይተን ክፍል ከአዲሱ ቨርዥን ተወግዷል። ምትኩን ፈልጌ አስገባሁና፣ አሮጌዎቹን እንዳላበላሽ እነሱም ላይ እንደገና ሞከርኩ። ፊደሎቹ ብቅ ሲሉ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አሮጌውን ቨርዥን ጭኖ መገላገልም ይቻል ነበር። ግን ሌላ ቦታም እንደ እትዬ ወርቄ ያለ ሰው አይጠፋም ብዬ ማስተካከያዬን በእንግሊዝኛ ከጻፍኩት ማብራሪያ ጋር ለላይብረሪው ባለቤቶች ላክሁ።

እሁድ ጠዋት እትዬ ወርቄ ቤት ሄጄ የስክሪኑን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ» አሉ።

የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ኳየሩን አንድ ሙሉ መስመር ቀድመውት ገቡ። ብሩክ ማይኩን ይዞ ሊደርስባቸው ሲጣደፍ ሳየው፣ እኔ ከኋላ እንባና ሳቅ ተደባለቀብኝ። እስከ ዛሬ ያንን ያህል የኮራሁበት ቀን የለም።

የትናንቱ ኢሜይል መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህ አለ፤ «የሚቀጥለው የፓይተን ቨርዥን የሙከራ ቅጂ ወጥቷል፤ ላይብረሪያችንን ትሞክሪበታለሽ?» እሞክራለሁ! ግን ብቻዬን ለምን? ኮምፒውተር የምታገኙ ሁሉ፣ እናንተም የምትጠቀሙበትን ላይብረሪ በያላችሁበት በሙከራ ቅጂው ላይ ሞክሩ፤ የት ላይ እንደሚወድቅ ለባለቤቶቹ ጻፉላቸው። እንግሊዝኛችን ይሰባበራል ብላችሁ አትፍሩ፤ የእኔም ተሰባብሮ ነው የገባው።