የሚስተር ሙቱ ስለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በረመዳን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህንን ግን ወገቤ አያስረሳኝም። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ ነው። ሥራዬ ሾፌርነት ነው፤ አንድ የራሴ ቫን አለችኝ። በረመዳን ሱሁር በልቼ ሳልተኛ ኤርፖርት እሄዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ እውላለሁ፣ ማታ ተራዊህ ሰግጄ እገባለሁ። በዚያ ሳምንት ድካሙ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። የቤቴን ቁልፍ እጄ ላይ ይዤ ቁልፉን የምፈልግበት ጊዜ ነበር።

ራቪ የሚባል ደንበኛ አለኝ። ቶርንተን የሚኖር፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሕንዳዊ ነው። ደወለና "ቅዳሜ ቫንህን እፈልጋታለሁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ቀስ ብሎ መንዳት ብቻ ነው" አለኝ። ቀላል የምትለውን ቃል ስሰማ ሌላ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። የእነሱ በዓል ነው። ከአንድ ፓርክ ተነስተው፣ በባዶ እግራቸው፣ ወተት ተሸክመው እስከ ቤተ መቅደሳቸው ድረስ በእግር ይጓዛሉ። እኔ ውሃ ጭኜ ሃዛርድ መብራት አብርቼ ከኋላ እከተላለሁ። የደከመ ካለ አነሳለሁ።

ስንነሳ ፀሐይ ነበር። ሰዎቹ ቢጫ ልብስ ለብሰዋል። የነሐስ ማሰሮ ራሳቸው ላይ አድርገው፣ አፉን በቅጠልና በጨርቅ አስረው፣ እየዘመሩ የእግረኛውን መንገድ፣ ሳይድ ዎኩን፣ ይዘው ሄዱ።

ከፊት ወንበር፣ ከጎኔ፣ አንዲት አሮጊት ተቀመጡ። ወይዘሮ ቫሊ ይባላሉ። ከሳሪያቸው በላይ ወፍራም ሹራብ ደርበዋል። ጉልበታቸው ስለማይችል መኪናው ውስጥ ነው የሚሄዱት። ባለቤታቸው ሚስተር ሙቱ ግን ከተጓዦቹ ጋር ናቸው። ሰማንያ የሚሆናቸው አጭር ሽማግሌ ናቸው። ከሁሉም ኋላ፣ ልክ ከቫኔ አፍንጫ ፊት ነበር የሚራመዱት።

ወይዘሮ ቫሊ ውሃ ሰጡኝ። ጾመኛ መሆኔን ነገርኳቸው።

"ውሃም አይቻልም?" ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ "እስከ ስንት ሰዓት ነው ዛሬ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጠርሙሱን እኔ የማላየው ቦታ፣ ከእግራቸው ሥር አስቀመጡት።

ከዚያ ወሬ ጀመሩ። አነዳዱ በጣም ቀርፋፋ ስለነበር ወሬው ባይኖር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሰዎቹ ለምን ወተት እንደሚሸከሙ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ።

በአገራቸው፣ በታሚሎች ምድር፣ ፓላኒ የሚባል ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ ያለው ሙሩጋን የሚሉት አምላካቸው ነው። "እንዴት እዚያ እንደወጣ ታውቃለህ?" አሉኝ። "አኩርፎ ነው።"

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። እናትና አባታቸው አንድ ፍሬ ያዙና ዓለምን ቀድሞ ዞሮ ለመጣ ነው አሉ። ታናሹ፣ ሙሩጋን፣ ጣዎሱ ላይ ወጥቶ በረረ። ታላቅየው የዝሆን ራስ ያለው ቦርጫም ነው፣ የሚጋልበውም አይጥ ነው። እሱ የትም አልሄደም። እናትና አባቱን ዞረና የእኔ ዓለም እናንተ ናችሁ አላቸው። ፍሬውን ወሰደ። ሙሩጋን ባሕሩንም ተራራውንም ዞሮ፣ አቧራ ለብሶ ሲመጣ ፍሬው የለም። ጌጡን አውልቆ ጣለና በአንድ ብጣሽ ጨርቅ፣ በአንድ በትር ብቻ ሄዶ ኮረብታው ላይ ቆመ። ተከትለው ለመኑት። ፍሬው እኮ አንተው ራስህ ነህ አሉት። አልወርድም አለ። ይኸው እስከዛሬ አልወረደም።"

ሌላም ነገሩኝ። አንድ ግዙፍ ሰው ሁለት ኮረብታ እንጨት ጫፍና ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ሲሄድ እዚያ ቦታ ሲደርስ ደክሞት አሳረፈ። መልሶ ሊያነሳ ቢል አንደኛው ኮረብታ እምቢ አለው። ለካ አናቱ ላይ አንድ ሕፃን ተቀምጧል። ሕፃኑ ራሱ አምላኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ወደዚያ ኮረብታ ሲሄድ ሸክም ይዞ የሚሄደው። ወተቱ ደግሞ አምላኩ ላይ የሚፈስ ነው አሉኝ።

"ያረፈ ጊዜ ነው የተበላሸበት" አልኳቸው። "እኔም ሶፋ ላይ አረፍ ካልኩ፣ ማን እንደሚቀመጥብኝ እንጃ፣ መነሳት የለም።"

ይህን ጊዜ ሳቁ። ከዚያ በመስታወቱ አሻግረው ባለቤታቸውን አዩ። የሽማግሌውን ነገር ነገሩኝ። አንዲት ልጃቸው ልቧን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት ሚስተር ሙቱ ተሳሉ፤ ልጄ ከዳነች ፓላኒን በባዶ እግሬ ወተት ተሸክሜ እወጣለሁ አሉ። ልጅቷ ዳነች። እሳቸው ግን ደም ግፊቱም ምኑም ተደራርቦባቸው አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ። ስለዚህ ኮረብታው በዚህ ጉዞ ይተካልኝ ብለው ነው የወጡት። ይህም ተከልክሎ ነበር። ማን ይሰማል።

ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ሄደናል። ድንገት ከተራሮቹ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። የዴንቨርን መጋቢት የሚያውቅ ያውቀዋል። ንፋሱ መጣ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ተከተለ፣ ወዲያው እንደ ጥጥ የሚወርደው ስኖው ሆነ። ዝማሬው ተቋረጠ። ወጣቶቹ ማሰሮአቸውን አቅፈው ወደፊት ሮጡ። ሴቶቹንና ልጆቹን በቫኑ አንድ ጊዜ አድርሼ ስመለስ መንገዱ ላይ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ራቪ፣ ሚስተር ሙቱ፣ እና ከመኪናው ወርጄ አብሬው እጠብቃለሁ ብለው የቀሩት ወይዘሮ ቫሊ።

ሽማግሌው ይራመዳሉ። እግራቸው ወይን ጠጅ መስሏል። ራቪ ጃኬቱን ደርቦላቸው "አንክል፣ እባክዎ ይግቡ" እያለ ይለምናል።

"መኪና አልገባም። ተስያለሁ።"

እኔም ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር አላዘንኩም፣ ተናድጄ ነበር። ልብሴ ረጥቧል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ የማፍጠሪያው መግሪብ እየደረሰ ነው። የሰማሁት ተረት ትዝ አለኝና ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። "አባቴ፣ ያ ታላቅ ወንድምየው የትም ሳይሄድ እናትና አባቱን ዞሮ አይደል ፍሬውን የወሰደው? እርስዎም ባለቤትዎን ይዙሩና ይግቡ። ይቆጠርልዎታል" አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ። ቅንድባቸው ላይ ስኖው ተኝቷል።

"ልጄ፣ እኔ የተሳልኩት ለእሱ አይደለም" አሉኝ። "የእኛ የተሸነፈው ነው።"

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እንደተራመዱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ማሰሮዋን ግን አልለቀቋትም። ወይዘሮ ቫሊ ማልቀስ ጀመሩ። ራቪ አምቡላንስ ልጥራ ብሎ ስልኩን አወጣ።

"አምቡላንስም መኪና ነው" አሉ ሽማግሌው። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ነው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ቫሊ እንባቸውን ጠርገው "በአገራችን አቅመ ደካማውን ሰው ተሸክሞ ኮረብታ ያወጣዋል። እሱ ስለት አያፈርስም" አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

መጀመሪያ ራቪ ሞከረ። ጀርባው ላይ አድርጓቸው ግማሽ ድረስ ተነሳና ተመልሶ አብሯቸው ቁጭ አለ። የቫኑን ቁልፍ ወረወርኩለት። "አንተ ንዳ" አልኩት። በልጅነቴ መርካቶ፣ አጎቴ ሱቅ፣ የጨርቅ ጥቅል ስሸከም ነው ያደግኩት። ጎንበስ አልኩ፣ ጀርባዬ ላይ ወጡ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተነሳሁ።

ሲታዩ ቀላል ነበሩ። ጀርባ ላይ ግን ከባድ ናቸው። እግራቸውን በእጄ ስይዘው ከብረት ይቀዘቅዛል። ማሰሮዋን ደረቴ ፊት በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። በረገጥኩ ቁጥር ጨርቁን አልፎ ወተት ይፈናጠራል። ደረቴ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ አንዴም ጉንጬን ይዞ ወደ ከንፈሬ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያላየ አፍ ነው። ከንፈሬን ገጥሜ ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩና በትከሻዬ ጠረግኩት።

እሳቸው በጆሮዬ የአምላካቸውን ስም ይደጋግማሉ። እኔ ደግሞ በሆዴ ላ ኢላሃ ኢለላህ እላለሁ። ራቪ ከጎናችን ሃዛርድ አብርቶ ይነዳል። ወይዘሮ ቫሊ መስኮቱን ከፍተው "ደረስን፣ ደረስን" ይሉኛል። አልደረስንም ነበር። ወደ ቤተ መቅደሱ የሚወስደው መንገድ መጨረሻው ዳገት ነው። እዚያ ላይ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። አስቀምጬ ልረፍ አልኩና ፈራሁ፤ ካስቀመጥኳቸው እንደማላነሳቸው አውቄዋለሁ።

በሩ ላይ ስንደርስ "አውርደኝ" አሉኝ። ደረጃውን ራሳቸው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው፣ በዚያ በደነዘዘ እግራቸው ወጡ። ማሰሮዋ ውስጥ ምን ያህል ወተት እንደቀረ አላየሁም። እንደሰማሁት በቂ ነበር።

እኔ ጫማ የሚወለቅበት ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ዘርፈጥ አልኩ። ውስጥ ደወል ይደወላል። ሽማግሌውን አንድ ሐኪም የሆነ የእነሱ ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እግራቸውን እያሞቀ እንደሆነ፣ ደህና እንደሆኑ ራቪ መጥቶ ነገረኝ። ከጓዳ የበዓሉ ምግብ ይሸታል። ሙዝና ማር፣ ቅቤና ቴምር አብረው የሚያቦኩት ጣፋጭ ነው። ሰው ሁሉ በሰሃን ይዞ ይወጣል። ለአምላካቸው የቀረበ ምግብ ስለሆነ እኔ አልበላውም። ቢሰጡኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ እያልኩ ሰዓቴን አየሁ። መግሪብ ደርሷል።

ወይዘሮ ቫሊ እያነከሱ መጡ። ሰሃናቸው ላይ ያለው ቴምር ብቻ ነው። በሌላ እጃቸው ያቺን የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል።

"ይህ አምላካችን ፊት አልቀረበም" አሉኝ። "መንገድ ላይ ሳለን ጓዳ ደውዬ ከመቅረቡ በፊት እንዲያስቀሩልህ ነገርኳቸው። በአገሬ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ። እናቴ ሁልጊዜ እንደዚህ ታደርግ ነበር። ብላ፣ ሰዓቱ ደርሷል።"

ቴምሩን በላሁ፣ ውሃውን ጠጣሁ። አፍጥሬ፣ ፓርኪንጉ ጥግ ላይ መስገጃዬን ስኖው ላይ ዘርግቼ ሰገድኩ። ወተት ወተት ይሸተኝ ነበር። ለሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝና የቫኑን ጎማ ይዤ ተነሳሁ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ተኛሁ። ሚስቴ ወገቤን እያሸች "ጣዖት ቤት ድረስ ሰው ተሸክመህ ሄድክ፣ በጾም አፍህ" ብላ ግማሽ ትቆጣለች፣ ግማሽ ትስቃለች። ነገሩ ከንክኖኝ አንድ ሼኽ ጠየቅኩ። "ሰውየው ብርድ ላይ ነበር?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "እንግዲያው የተሸከምከው ሰው ነው" አሉኝና ወደ ሌላ ጨዋታ ገቡ።

ሚስተር ሙቱ ዛሬም አሉ። ወይዘሮ ቫሊ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። በደወሉ ቁጥር ይመርቁኛል፣ ለሰው ሁሉ ደግ ሾፌር እያሉ ያወሩልኛል። ይህ ነገር ሲከብደኝ ቆየና በቅርቡ እውነቱን ነገርኳቸው።

"እማማ፣ እኔ ደግ ሆኜ አይደለም። ክርክሩ ሰልችቶኝ ነው ያነሳኋቸው። ደክሞኝ ነበር፣ ቤቴ መግባት ነበር የፈለግኩት።"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

"ከዚህ ሰውዬ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ነው የኖርኩት" አሉኝ። "ያንን ድካም የማላውቀው ይመስልሃል? እኔም ያኔ ሰልችቶኝ፣ ትቼው ቤቴ ልገባ ነበር። አንተ ግን አነሳኸው።"

አሁንም ያው ሥራዬን እሠራለሁ፣ ያው ይደክመኛል። ግን ከዚያ ስልክ በኋላ አንድ ነገር ቀሎኛል። ለሰው ደግ ለመሆን መጀመሪያ ማረፍ አለብኝ እያልኩ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አሁን መጠበቁን ትቻለሁ።